ምትክ የሌላት ደሴት

ሐምሌ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት ከሰፈራችን ቡና ቤት ተቀምጬ የፓሪሱን ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን እከታተል ነበር። በዋዜማው በሪሁ አረጋዊ በ10,000 ሜትር በኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ ተቀድሞ የብር ሜዳሊያ አግኝቶ ስለነበር፣ የቡና ቤቱ ሰው ገና ከዚያ ክርክር አልወጣም። ቀደም ብሎ ቢወጣ ኖሮ፣ ልጆቹ ተመካክረው ቢሮጡ ኖሮ ይባላል። እንዲህ እየተባለ ሳለ የሴቶች 100 ሜትር ፍጻሜ ደረሰ። አጭር ርቀት የእኛ ጉዳይ አይደለምና ወሬውን አቋርጦ ቀና ያለው ሰው ጥቂት ነው። መሙ በዝናብ ርሷል። ሽጉጡ ተተኮሰ። አሥራ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ አንዲት ወጣት አሜሪካኖቹን ከኋላዋ አስከትላ ገባች። ሰዓቷ 10.72 ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ የየት አገር ልጅ ናት?» አለኝ ቡና የሚያቀርበው ልጅ።

«የሴንት ሉሲያ» አልኩት፣ ከስክሪኑ ላይ አንብቤ።

«እሱ ደግሞ የት ነው?»

«ካሪቢያን ውስጥ ያለች ደሴት ናት።»

«እንደ ጃማይካ?»

«አዎ፣ እንደ ጃማይካ» ብዬው ወደ ቡናዬ ተመለስኩ።

የሰጠሁት መልስ ስህተት መሆኑ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ካርታ ከገለጥኩ በኋላ ነው። ሴንት ሉሲያ እንደ ጃማይካ አይደለችም። ጃማይካ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት፤ ሴንት ሉሲያ ግን 180,000 ያህል ብቻ። ስፋቷ 617 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ ሕዝቧን ግን ከብዙዎቹ ክፍለ ከተሞቻችን አንዱ ብቻውን ይበልጠዋል። ጁሊየን አልፍሬድ የተባለችው ይህች ልጅ ያን ምሽት ያገኘችው ወርቅ ለአገሯ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር። ይባስ ብሎ በዚያው ምሽት በስሉስ ዝላይ 15.02 ሜትር የዘለለችው ቲያ ላፎንድ ለዶሚኒካ፣ 70,000 ያህል ሕዝብ ላላት ሌላ ደሴት፣ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ አስገኘች።

ታዲያ ይህን የመሰለ ትንሽ አገር ሯጭ የሚያሳድገው በምን ዘዴ ነው? ከዚያ ምሽት ወዲህ የደሴቶቹን የአትሌቲክስ ታሪክ ሳነብ ቆይቻለሁ። ያነበብኩትን ለአንባቢ ሳካፍል፣ ዓመቶቹ የባሕር ማዶ ታሪክ በመሆናቸው ከዚህ በኋላ የምጠራቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

በሙዝ መርከብ የሄደው ሰው

ታሪኩ የሚጀምረው በ1908 ነው። ጃማይካ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ የባርነት ቀንበር ሙሉ በሙሉ ከወረደ ገና ሰባ ዓመቱ ነው። ጄራልድ ክሎድ ፎስተር የሚባል ፈጣን ወጣት በለንደን ኦሊምፒክ ሊካሄድ መሆኑን ይሰማል። የሚልከው ፌዴሬሽን፣ የሚከፍልለት መንግሥት የለም። ሙዝ ጭኖ ወደ እንግሊዝ በሚሄድ መርከብ ተሳፍሮ አትላንቲክን አቋረጠ።

ለንደን ሲደርስ ግን በሩ ተዘጋበት። ጃማይካ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ስላልሆነች መወዳደር አትችልም ተባለ። ፎስተር ከኦሊምፒኩ በኋላ በተደረጉ ውድድሮች ላይ ሮጦ ብቃቱን አሳየና አገሩ ገባ። ቀሪ ዕድሜውንም የሌሎችን ልጆች እግር ሲያሰለጥን ኖረ።

ይህን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ ያሳዘነኝ የሰውየው ዕድል ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ከእግሩ ፍጥነት ይልቅ የጎደለው ነገር ነው የደነቀኝ። ፎስተር ፍጥነት አልጎደለውም። የጎደለው ወረቀት ነው፤ ማኅተም ያለው፣ በስሙ ደብዳቤ የሚጽፍለት አንድ መሥሪያ ቤት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የደሴቶች አትሌቲክስ ችግር ይኸው ይመስለኛል። እግር ሞልቷል፤ እግሩን የሚሸከመው ድርጅት ነው የሚጠፋው።

ስድስት ትምህርት ቤቶች

ጃማይካውያን ለዚህ ያገኙት መልስ ትምህርት ቤት ነው። በ1910 ስድስት የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰባስበው የሩጫ ውድድር አደረጉ። ያ ውድድር ዛሬም አለ፤ አገሬው «ቻምፕስ» ብሎ ይጠራዋል። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1911፣ አንድ ተማሪ 100 ያርድ በ10 ሰከንድ ሮጠ፤ ክብረ ወሰኑንም እስከ 1952 ድረስ ማንም አልነካበትም። ልጁ ኖርማን ማንሊ ይባላል። ኋላ ጠበቃ ሆነ፣ ፓርቲ መሠረተ፣ አገሩን ወደ ነፃነት ከመሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ ከጃማይካ ብሔራዊ ጀግኖች አንዱ ነው። የአገር መሪ በወጣትነቱ የትምህርት ቤት የሩጫ ባለ ክብረ ወሰን ከነበረ፣ ሩጫ በዚያ አገር የሥራ ፈት ጨዋታ ተብሎ ሊናቅ አይችልም።

የልጃገረዶቹ ውድድር በ1957 ተጀመረ፤ በ1999 ሁለቱ ተጣመሩ። ወንዶቹ ከጀመሩ 47 ዓመት ቆይቶ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን የኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም በተማሪ፣ በወላጅ፣ ከውጭ አገር ሳይቀር በሚመጣ የቀድሞ ተማሪ ጢም ብሎ ይሞላል። እኛ ዘንድ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ የሚያስነሳውን ስሜት በዚያ የሚያስነሱት ካላባርና ኪንግስተን ኮሌጅ የተባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ወጪውም ለብዙዎች የተከፋፈለ ነው። መንግሥት ልዩ አካዳሚ ከፍቶ ሺህ ልጅ ማብላት አልተጠበቀበትም። ልጁን መምህሩ ያየዋል፣ ትምህርት ቤቱ ያበላዋል፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጫማ ይገዛለታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የእኛ ሰው።

አራት ሰዎች

የዚህ ዘር ፍሬ በ1948 ለንደን ላይ ታየ። ፎስተር ከተመለሰበት ከተማ ጃማይካ በስሟ ተሰለፈች። ሕዝቧ ያን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ተኩል አይሞላም። በ400 ሜትር አርተር ዊንት አንደኛ፣ ኸርብ ማኬንሊ ሁለተኛ ሆኑ። ዊንት በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ የነበረ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ለንደን ውስጥ ሕክምና የሚማር ረጅም ሰው ነበር። ማኬንሊ በአሜሪካ ኮሌጅ የተማረ ነበር።

አራት በ400 ሜትር የዱላ ቅብብል ፍጻሜ ሲደርስ ግን ዊንት መሐል መንገድ ላይ ጡንቻው ተሸማቀቀበትና ወደቀ። ቡድኑ አልጨረሰም።

እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም እንበል። የአሜሪካ ቡድን አንድ ሰው ቢታመምበት ሌላ ሰው ይተካል፤ ተተኪውም ብዙ ጊዜ ከታመመው አይተናነስም። ጃማይካ ግን አራት ሰው ነበራት። አንዱ ወደቀ፤ ዊንትን የሚያክል አምስተኛ ሰው የለም። የትንሽነት ትርጉም ለእኔ የተገለጠልኝ በዚህ ቦታ ነው። ትንሽነት ማለት ችሎታ ማጣት አይደለም፤ ምትክ ማጣት ነው። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የተባለው ለዚህ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ሄልሲንኪ ላይ እነዚያው አራት ሰዎች ተመለሱ። ዊንት፣ ሌስሊ ላይንግ፣ ማኬንሊና ጆርጅ ሮደን። ሮደን የ400 ሜትሩን ወርቅ ወስዷል፤ ማኬንሊ እንደገና ብር ነው። በዱላ ቅብብሉ ማኬንሊ ዱላውን ሲቀበል አሜሪካኖቹ ርቀው ሄደው ነበር። እሱ ግን ዙሩን በ44.6 ሰከንድ ጨርሶ ደረሰባቸው። ሮደን ጨረሰው። 3 ደቂቃ ከ3.9 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። አሜሪካኖቹ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ተበለጡ። የወደቀው ሰው ምትክ ባይኖረውም፣ ራሱን ለመተካት አራት ዓመት ጠብቆ ነበር።

መሄድና መመለስ

ታዲያ እነዚህ አራት ሰዎች ጃማይካ ውስጥ ነበር የሚኖሩት? አልነበሩም። ዊንት ለንደን ነው፤ ማኬንሊና ሮደን አሜሪካ። ደሴቲቱ እስከ 18 ዓመት ታሳድጋለች፤ ከዚያ በኋላ መም የለም፣ ደመወዝ የለም፣ የሚማሩበት ወንበርም ጥቂት ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለፈጣን ልጅ ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ስለዚህ ይሄዳሉ። በ1968 በ100 ሜትር ብር ያገኘው ሌኖክስ ሚለር፣ በ1976 ሞንትሪያል ላይ በ200 ሜትር ወርቅ የወሰደው ዶናልድ ኳሪ ሁለቱም በካሊፎርኒያ የተማሩ ናቸው።

ሞንትሪያልን እኛም አንረሳትም። በኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ምክንያት የአፍሪካ አገሮች ሲወጡ ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ የቀረባት ኦሊምፒክ ናት። በዚያችው ኦሊምፒክ የትሪኒዳዱ ሄዝሊ ክሮፎርድ 100 ሜትሩን፣ ኳሪ 200 ሜትሩን አሸነፉ። የእኛ ሰው ያለቀሰባት ዓመት ለእነሱ የሠርግ ዓመት ነበረች።

ደሴቶቹ ትንሽነታቸውን በኅብረት ሊያሸንፉም ሞክረው ነበር። በ1958 በእንግሊዝ ሥር የነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች አንድ ፌዴሬሽን መሠረቱ፤ በ1960 ሮም ላይ በአንድ ስም ተሰለፉ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠባት ሮም ጆርጅ ኬር በ800 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ ሦስት ጃማይካውያንና አንድ የባርቤዶስ ልጅ ተቀባብለው የዱላ ቅብብሉን ነሐስ ወሰዱ። ያ ሰንደቅ ዓላማ በኦሊምፒክ ዳግመኛ አልታየም። በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ጃማይካም ለብቻዋ ነፃ ወጣች። በአራት ዓመቱ፣ እኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. በምንለው ዕለት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲገቡ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሕዝብ አጥለቀለቀው። የዚያኑ ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ያችው ከተማ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን አስተናገደች።

መሄድ ብቻውን በደል አይደለም። ዊንት ሐኪም ሆኖ ተመልሶ የገጠር ሕዝብ አክሟል፤ ኋላም አገሩን በለንደን በከፍተኛ ኮሚሽነርነት ወክሏል። ማኬንሊ ተመልሶ በአሰልጣኝነት አርጅቷል። ዴኒስ ጆንሰን የተባለው፣ በ1961 የ100 ያርድን የዓለም ክብረ ወሰን የተጋራ ሰው፣ ካሊፎርኒያ የተማረውን ይዞ መጥቶ በ1970ዎቹ በኪንግስተን አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የስፖርት ፕሮግራም አቋቁሟል። እነዚህ ሄደው የተመለሱ ናቸው። የደሴቲቱ እውነተኛ ዘዴ ይህ ነበር።

የማይመለሱም አሉ። በ1988 ሴኡል ላይ በ100 ሜትር መጀመሪያ የገባው፣ ኋላም በአበረታች መድኃኒት ወርቁን የተቀማው ቤን ጆንሰን ጃማይካ ተወልዶ ለካናዳ የሮጠ ነው። በ1992 ያሸነፈው ሊንፎርድ ክሪስቲ ጃማይካ ተወልዶ ለብሪታንያ ነው የሮጠው። በ1996 አትላንታ ላይ በ9.84 ያሸነፈው ዶኖቫን ቤይሊ ጃማይካ ተወልዶ ለካናዳ። በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች መስመሩን መጀመሪያ ያለፈው ሰው ከአንዲት ደሴት የተወለደ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱም ግን የደሴቲቱን ማልያ አልለበሰም። ሦስቱም በልጅነታቸው ነው የሄዱት። ወላጆቻቸው እንጀራ ፍለጋ ሄዱ፤ እነሱ ተከተሉ። ማንን ትከሳለህ?

ይህን ሳነብ በዚያው በፓሪስ የሆነውን አስታወስኩ። የሴቶች ማራቶን ሲጠናቀቅ ሲፋን ሐሰን ትዕግሥት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ቀድማ ገባች። አንዷ ለኔዘርላንድስ፣ አንዷ ለኢትዮጵያ ነው የሮጡት። ሲፋን አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ነው የተሰደደችው። ቡና ቤታችን በዚያ ቀን ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አኮረፈ። እኔ የትኛው ወገን እንደነበርኩ ለመናገር ዛሬም ይቸግረኛል።

ሣር ላይ

ለመሆኑ ሳይሄዱ ማደግ አይቻልም? ይህን ጥያቄ ጃማይካ ውስጥ በግልጽ ያነሳው ስቲቨን ፍራንሲስ ነው። በ1999 ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር «ኤም ቪ ፒ» የተባለ ክለብ ሲመሠርት የአገሩ ልማድ ግልጽ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ አሜሪካ ይሄዳል። ፍራንሲስ ግን ሌሎች የናቋቸውን፣ በቻምፕስ ያልታወቁ ልጆች ሰብስቦ ዴኒስ ጆንሰን ፕሮግራም ባቋቋመበት፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በዚያው ተቋም የሣር ሜዳ ላይ ማሠራት ጀመረ። ክርክሩም የአሜሪካ ኮሌጅ ልጁን በየሳምንቱ ለነጥብ እያሮጠ ያደክመዋል የሚል ነው። ከሰበሰባቸው አንዱ አሳፋ ፓወል ይባል ነበር። በሰኔ 2005 አቴንስ ላይ 9.77 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

ዩሴይን ቦልትም በዚያ ዘመን የበቀለ ነው። ትሬሎኒ ውስጥ ሸርዉድ ኮንቴንት ከምትባል የገጠር መንደር መጥቶ፣ በ2002 ኪንግስተን ላይ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ15 ዓመቱ 200 ሜትር ሲያሸንፍ ያየው ሕዝቡ ነው። አሜሪካ መሄዱን ትቶ በግሌን ሚልስ ሥር አገሩ ቀረ። በ2008 ቤይጂንግ 9.69፣ በ2009 በርሊን 9.58። በዚያው በቤይጂንግ በሴቶች 100 ሜትር ሦስት ጃማይካውያን መድረኩን ብቻቸውን ያዙት፤ ወርቁን የወሰደችው ሼሊ-አን ፍሬዘር ዋተርሃውስ ከሚባል የኪንግስተን ድሃ ሰፈር የወጣች የፍራንሲስ ተማሪ ነበረች።

ይህን ተአምር የሚሉት አሉ፤ እኔ አልልም። ከኋላው የመቶ ዓመት ቻምፕስ አለ። ከኋላው በ1980 የተከፈተ የአካል ማጎልመሻ መምህራን ኮሌጅ አለ፤ በየትምህርት ቤቱ የሚያሠለጥኑት መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። ኮሌጁን በስጦታ የሠራችው ኩባ ናት፤ የተቀበለው ደግሞ የዚያ የ1911 ባለ ክብረ ወሰን ልጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማይክል ማንሊ ነው። የኮሌጁ ስም ጂ. ሲ. ፎስተር ይባላል። ያ በሙዝ መርከብ ሄዶ በሩ የተዘጋበት ሰው በስሙ በር ተከፈተለት።

ሁሉም የሚተዋወቅበት አገር

ዳሩ ግን ወርቅ ሲበዛ ሌላው ድክመት ይገለጣል። ጃማይካ የፀረ-አበረታች መድኃኒት ኮሚሽኗን በ2008 አቋቋመች። በነሐሴ 2013 የኮሚሽኑ የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ረኔ አን ሸርሊ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ጉዱን አወጡት፤ ከየካቲት 2012 እስከ ለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ኮሚሽኑ ከውድድር ውጭ ያደረገው ምርመራ አንድ ብቻ ነው አሉ። በዚያው ዓመት አሳፋ ፓወልን ጨምሮ የታወቁ አትሌቶች በምርመራ ተይዘው ስለነበር ዓለም ጣቱን ቀሰረ። በኅዳር የኮሚሽኑ ቦርድ በሙሉ ለቀቀ። ሴትዮዋ በአገራቸው እንደ ከሃዲ ታዩ።

በ2017 ደግሞ ነስታ ካርተር በ2008 የሰጠው ናሙና ዳግም ተመርምሮ መድኃኒት ተገኘበትና የቤይጂንጉ የ4 በ100 ወርቅ ከአራቱም ተወሰደ። ቦልትም ያለ ጥፋቱ ከፈለ። ቡድን ውስጥ ያለ ሰው የሌላውንም ስም ተሸክሞ ነው የሚሮጠው።

በእኔ ግምት ይህ የአንድ ሕዝብ የአመል ጉድለት አይደለም። በትንሽ አገር መርማሪው፣ አሰልጣኙ፣ የፌዴሬሽኑ ሰውና ሯጩ በአንድ ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። ዳኛ እንዲሆን የሚፈለገው ሰው የተከሳሹ የክርስትና አባት ሆኖ ይገኛል። ሩጫን በሣር ሜዳ ማስተማር ይቻላል፤ ገለልተኛ መሥሪያ ቤት ግን ከሣር ላይ አይበቅልም። ባለሙያ፣ ገንዘብና ከሁሉም በላይ ወዳጅ ያልሆነ ሰው ይፈልጋል። ምትክ ማጣት እዚህም አለ።

ገንዘቡም ነገር አላበቃም። ጃማይካ በፓሪስ ስድስት ሜዳሊያ አገኘች፤ ወርቁ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የዲስከስ ወርዋሪው የሮጄ ስቶና። በ2025 አጋማሽ ላይ ስቶና ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር ለቱርክ ለመወዳደር መስማማቱ ተዘገበ። ከአራቱ ሦስቱ የፓሪስ ባለ ሜዳሊያዎች ናቸው። የደንቡ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ ወሬው ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ለፈጣን ሯጭ የማስታወቂያ ብር ይፈስሳል፤ ለወርዋሪ የሚፈስስ ጥቂት ነው። ድሮ የሚሄደው ያልታወቀ ልጅ ነበር። አሁን የሚጠራው ወርቁን አንገቱ ላይ ያጠለቀው ነው።

ስታዲየም ውስጥ የተኙ በሽተኞች

አሁን ወደ ሴንት ሉሲያ ልመለስ።

ጁሊየን አልፍሬድ በካስትሪስ ከተማ ዳር ባዶ እግሯን፣ በትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ እየሮጠች ያደገች ልጅ ናት። በ2013 አባቷ ሲሞት ሩጫውን ትታው ነበር፤ የልጅነት አሰልጣኟ ነው የመለሳት። በ14 ዓመቷ ብቻዋን ጃማይካ ሄደች። እዚያ ትምህርት ቤት ገብታ በቻምፕስ ሮጠች። ከዚያ ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አለፈች።

አንባቢ ይህን ያስተውል። ሴንት ሉሲያ ልጇን የላከችው ወደ ጃማይካ ነው። ትናንት አሜሪካ ለጃማይካ የሆነችውን፣ ዛሬ ጃማይካ ለሴንት ሉሲያ ሆነች። ትንሽ አገር ከእሱ ለሚያንስ አገር ትልቅ ነው። በ2012 ለንደን ላይ በ400 ሜትር ለግሬናዳ የመጀመሪያውን ወርቅ ያመጣው ኪራኒ ጄምስም ጉያቭ ከምትባል የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ተነስቶ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው የገባው። መሰላሉ ረጅም ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ የሚቀሩ ልጆች አሉ፤ የቀሩትን ማንም አይጽፋቸውም።

ለምን አገሯ አልቀረችም ለሚል ሰው መልሱ አንድ ሕንፃ ነው። በደሴቲቱ ደቡብ፣ ቪዮ ፎርት በምትባል ከተማ፣ በ2002 በቻይና እርዳታ የተሠራ ብሔራዊ ስታዲየም አለ። በመስከረም 2009 በከተማዋ ያለው የቅዱስ ይሁዳ ሆስፒታል ተቃጠለ። በሽተኞቹ የሚገቡበት ሌላ ሰፊ ቤት አልነበረምና ወደ ስታዲየሙ ተወሰዱ። ለጊዜው ነው የተባለው ነገር ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ሄዶ፣ ልጅቷ በ2024 ፓሪስ ላይ ወርቁን ስታጠልቅ ሆስፒታሉ ገና ስታዲየሙ ውስጥ ነበር። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሞልቷት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ተመልካች ሊቀመጥበት በተሠራው ቤት እናቶች ሲወልዱ፣ ሽማግሌዎች ሲሞቱ ኖረዋል ማለት ነው።

መጀመሪያ ይህን ሳነብ ተናድጄ ነበር። መንግሥት እንዴት እንዲህ ይዘገያል አልኩ፤ መዘግየቱ በእርግጥ የሚያስወቅስ ነው። ቆይቼ ግን ራሴን ጠየቅሁ። በዚያች ዕለት፣ ሆስፒታሉ እየነደደ፣ ውሳኔው በእኔ እጅ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? በሽተኛውን ሜዳ ላይ አስተኝቼ መሙን ለሯጭ እጠብቅ ነበር? አላደርገውም። ማንም አያደርገውም። በትልቅ አገር ሆስፒታልና ስታዲየም አይጣሉም፤ ለየብቻቸው ምትክ አላቸው። በትንሽ ደሴት ግን የሯጩ ሜዳና የበሽተኛው አልጋ አንድ ቦታ ይሆናሉ፤ አንዱ ሲነሳ ነው ሌላው የሚቀመጠው።

ልጅቷ ይህን አልረሳችም። ፓሪስ ላይ ካሸነፈች በኋላ ለጋዜጠኞች ስትናገር ያነሳችው ባዶ እግሯን መሮጧንና የስታዲየሙን ነገር ነው፤ ወርቁ ለደሴቲቱ ልጆች አዲስ ስታዲየም እንዲያስገኝ ተመኘች። የጠየቀችው ለራሷ አልነበረም። እሷ መሰላሉን ወጥታ ጨርሳለች፤ የጠየቀችው በ14 ዓመቷ ብቻዋን አውሮፕላን መሳፈር ለማይኖርባት ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቡና ቤቱ ስሄድ ለዚያ ልጅ መልሴን ላርምለት ብዬ ነበር። «ያቺ ሯጭ፣ እንደ ጃማይካ ናት ያልኩህ፣ አይደለችም» አልኩት። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ስታዲየሙ፣ ስለ 180,000ው ሕዝብ ነገርኩት። ትሪውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ሰማኝና «ጋሼ፣ እንግዲያውስ ያ ወርቅ ከባድ ነው» አለኝ።

እኔም በዚህ ሁሉ ንባብ ያገኘሁት ከዚያ የበለጠ አይደለም።